የብረት ቧንቧ ቁስልና ፋሻው
(በጅጋ ገጠር ካየነው ተነሥተን ያዘጋጀነው ጥናት)

የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ስለ ብረት ቧንቧ መጻፋችን ለብዙዎቻችሁ እንግዳ ነገር ሳይመስላችሁ አይቀርም። «እነዚህ ልጆች ቅኔውን ትተው መቼ ነው ወደ ጋራዥ የወረዱት?» የሚለን ጓደኛ እንደማይታጣ እናውቃለን። ነገር ግን ይህን ጽሑፍ ለማቅረብ ያስገደደን ዕውቀታችን ሳይሆን ስሕተታችን ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ስሕተታችንን እንናዘዛለን፤ ቀጥለን ከስሕተታችን በኋላ ጠይቀንና አንብበን የተማርነውን በተራ እናስረዳለን፤ በመጨረሻም ነገሩ እኛን የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎችን በምን በኩል እንደሚያገባን እናሳያለን።

ሀ፤ የነገሩ መነሻ

በዕረፍት ጊዜ ከመካከላችን ሦስታችን በምዕራብ ጎጃም፣ በጅጋ ከተማ አጠገብ ወደምትገኝ አንዲት የገጠር መንደር ወርደን ነበር። ጅጋ ከደምበጫ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች ከተማ ናት፤ አገሩም ጤፉ፣ በቆሎውና በርበሬው የታወቀ ነው። የመንደሪቱ ሰው የሚጠጣው ከተራራው ሥር ከሚፈልቅ ምንጭ ነው። ምንጩ በሲሚንቶ ታጥሮ፣ ውኃው በብረት ቧንቧ ወርዶ፣ ከመንደሩ መካከል በቦኖ ይቀዳል። ቧንቧው አንዲት ጅረት ሲሻገር ከመሬት ወጥቶ ራቁቱን ያልፋል። የቆሰለውም እዚያ ላይ ነው።

እኛ በደረስን ጊዜ ቁስሉ ከመነዳሪ በምንለው የጎማ የውስጥ ላስቲክ ተጠምጥሞ፣ በሽቦ ታስሮ ነበር። ከላስቲኩ ሥር ግን ውኃው እንደ እንባ ይንጠባጠባል። ከቦኖው የሚወርደውም ከቀጭን ክር የበለጠ አልነበረም። በዚህም ምክንያት ሴቶቹና ልጃገረዶቹ ጀሪካን በጀርባቸው አዝለው ወደ ወንዝ መውረድ ጀምረዋል።

የውኃ ኮሚቴው ከየቤቱ ገንዘብ አዋጥቶ፣ ቧንቧ ሠራተኛው ከፍኖተ ሰላም ሁለት ቆርቆሮ ሙጫና የመኪና ቦዲ ሠራተኞች የሚጠቀሙበትን የመስተዋት ጨርቅ ገዝቶ መጥቷል። በቆርቆሮዎቹ ላይ ያለው ጽሑፍ በሙሉ እንግሊዝኛ ነበር። የኮሚቴው ሰብሳቢ አዛውንት ወደ እኛ ዘወር ብለው፣ «እናንተ ልጆች፤ መቼም ይህን ቋንቋ ተምራችሁታል። እስቲ አንብቡልን» አሉን። እኛም ደስ ብሎን አነበብን፤ ተረጎምንም።

ትርጉማችን እንደሚከተለው ነበር። የቧንቧውን ገጽ «አዘጋጁ» የሚለውን፣ «በጨርቅ ጥረጉ» አልነው። ሁለቱ ቆርቆሮዎች በተወሰነ መጠን እንዲቀላቀሉ የታዘዘውን፣ እኩል በእኩል እንዲሆን ነገርናቸው። «ኪዩር እስኪያደርግ ተዉት» የሚለውን ደግሞ መዝገበ ቃላቱ «ኪዩር ማለት መፈወስ ነው» ስለሚል፣ «ሙጫው ቧንቧውን ይፈውሰዋል፤ ተዉት» ብለን አስረዳን። ቧንቧ ሠራተኛው ነገሩን አምኖ ጨርቁን በሙጫ ነክሮ ጠመጠመው፤ መድኃኒቱ ሥራውን እንዲጀምር ብሎም ወዲያውኑ ውኃውን ለቀቀው።

በማግስቱ ጠዋት ፋሻው እንደ ሙዝ ልጣጭ ተገልጦ ከጅረቱ ዳር ወድቆ አገኘነው። ሙጫው እንደ ማር ይለጠጣል እንጂ አልደረቀም ነበር። የመንደሩ መዋጮ በአንድ ሌሊት ውኃ በላው። አዛውንቱ አልተቆጡንም፤ «ልጆቼ፤ ቋንቋውን ታውቁታላችሁ፤ ነገሩን ግን አታውቁትም» ብቻ አሉን። ቢቆጡን ይሻለን ነበር።

ለ፤ ብረት ስለ ምን ይቆስላል?

ብረት በተፈጥሮው በምድር ውስጥ የሚገኘው ከኦክሲጅን ጋር ተዋሕዶ፣ እንደ ቀይ አፈር ሆኖ ነው። ሰው በእሳት ኀይል ኦክሲጅኑን ነጥሎ ብረት ያደርገዋል፤ ብረቱ ግን ወደ ቀድሞ ቤቱ መመለስን አይረሳም። ውኃና አየር ባገኘ ጊዜ ቀስ በቀስ ተመልሶ አፈር ይሆናል፤ ይህንንም ዝገት እንለዋለን። ውኃ ብቻውን ወይም አየር ብቻውን ሲሆን ዝገት እጅግ አዝጋሚ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ግን፣ በተለይም እርጥበትና ድርቀት በሚፈራረቁበት እንደ ጅረት መሻገሪያ ባለ ቦታ ላይ፣ ዝገቱ ይፋጠናል።

የውኃ ቧንቧዎች ብዙውን ጊዜ በዚንክ ተለብጠው ይሠራሉ። ዚንኩ ሁለት አገልግሎት አለው። አንደኛ፣ ውኃና አየር ወደ ብረቱ እንዳይደርሱ ይጋርዳል። ሁለተኛ፣ ልባጡ በትንሹ ቢጫር እንኳ ብረቱ ከመበላቱ በፊት ዚንኩ ራሱ ይበላል፤ ማለትም ለጌታው እንደሚሞት ታማኝ አሽከር ነው። አሽከሩ ካለቀ በኋላ ግን ጌታው ብቻውን ይቀራል። ከሁሉ አስቀድሞ የሚያልቀውም ቧንቧው ሲገጠም ጥርስ በወጣለት፣ በተቧጨረና በታጠፈ ቦታ ላይ ነው።

ሁለት የተለያዩ ብረቶች በእርጥብ መሬት ውስጥ ሲነካኩ የሚደርሰው ጉዳት የባሰ ነው። በሜክሲኮ አገር፣ በጓዳላሃራ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 22 ቀን 1992 የከተማው የፍሳሽ ቦይ ፈንድቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ምክንያቱ ሲመረመር፣ በዚንክ የተለበጠ የውኃ ቧንቧ ቤንዚን ከሚያስተላልፍ የብረት ቧንቧ ጋር ተቀራርቦ በመቀበሩ የቤንዚኑ ቧንቧ ተበልቶ እንደ ተበሳና ቤንዚኑ ወደ ፍሳሹ ቦይ እንደ ገባ ታወቀ። እንዲሁም እ.ኤ.አ. ነሐሴ 19 ቀን 2000 በአሜሪካ፣ በኒው ሜክሲኮ ክፍለ ግዛት፣ በካርልስባድ አጠገብ የጋዝ ቧንቧ ፈንድቶ 12 ሰዎች ሞተዋል። የዚህኛው ቁስል ደግሞ ከውስጥ ነበር፤ ከውጭ ለሚያየው ሰው ጤነኛ ይመስላል። እንግዲህ የቧንቧ ቁስል የሚያጠፋው ውኃና ገንዘብ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ሐ፤ የግፊቱ ነገር

የምንጩ ውኃ ያለ ሞተር ወደ መንደሩ የሚወርደው በከፍታው ኀይል ነው። አንድ የውኃ ዓምድ 10 ሜትር ከፍታ ሲኖረው፣ ከታች ባለው በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ 1 ኪሎ ያህል ይጫናል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የስዊስ ተወላጁ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ለዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ከእንጦጦ በኩል ውኃ በቧንቧ ባመጣ ጊዜ፣ ውኃው ወደ ግቢው ኮረብታ መውጣቱ ሕዝቡን አስደንቆ ነበር። የነገሩ ምሥጢር ግን መነሻው ከመድረሻው ከፍ ማለቱ ብቻ ነው።

ሒሳብ የማይወዱ ጓደኞቻችን ለጥቂት ጊዜ ይታገሡን። ምንጩ ከጅረቱ 80 ሜትር ከፍ ይላል እንበል። እንግዲህ በቧንቧው ውስጥ በካሬ ሳንቲ ሜትር 8 ኪሎ ግፊት አለ። የቧንቧው ወርድ 11.4 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ በእያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር ርዝመት ላይ ቧንቧውን ለሁለት ሊሰነጥቀው የሚታገለው ኀይል 8 በ11.4 ሲባዛ፣ 91 ኪሎ ያህል ነው። ይህንን ሸክም ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ግድግዳዎች ይካፈሉታል፤ ለእያንዳንዱ 45.6 ኪሎ ይደርሰዋል። ግድግዳው አዲስ ሳለ ውፍረቱ 0.45 ሳንቲ ሜትር ነው ብንል፣ ብረቱ የሚሸከመው በካሬ ሳንቲ ሜትር 101 ኪሎ ብቻ ነው። ዝገት በልቶት 0.05 ሳንቲ ሜትር ሲቀር ግን ይኸው ሸክም ወደ 912 ኪሎ ይወጣል። ተራ ብረት መለጠጥ የሚጀምረው በ2400 ኪሎ ገደማ ስለ ሆነ፣ ቧንቧው ገና አልፈነዳም፤ ነገር ግን የነበረው ሰፊ የደኅንነት ትርፍ አልቋል። በዚህ ላይ አንድ ሰው ቦኖውን በድንገት ቢዘጋውና ሩጫ ላይ የነበረው ውኃ ግድግዳውን ቢመታው፣ ወይም ዝገቱ አንዲት ነጥብ ብቻ ይዞ ቢቆፍር፣ ቧንቧው ይበሳል።

ከዚህ ስሌት አንድ ቁም ነገር እንወስዳለን። ግፊቱ ቧንቧውን የሚሰነጥቀው በዙሪያው ነው፤ በዙሪያ የሚደርሰው ጭንቀት በርዝመቱ ከሚደርሰው እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ዙሪያውን የሚጠመጠም ፋሻ በትክክለኛው አቅጣጫ የተሰለፈ ረዳት ነው። ከመነዳሪ የጠመጠመው ቧንቧ ሠራተኛ በሐሳቡ አልተሳሳተም ነበር ማለት ነው። የጎደለው ሐሳቡ ሳይሆን ቁሱ ነው፤ ላስቲክ ይለጠጣል እንጂ ሸክም አይቀበልም፤ ከብረቱም ጋር አይጣበቅም። እንዲያውም ውኃውን ከሥሩ አቍሮ ዝገቱን ከዓይን ይሰውራል፤ ቁስል ሳይታጠብ በጨርቅ እንደ መሸፈን ነው።

መ፤ የቀድሞዎቹ መድኃኒቶች

የተበላ ቧንቧን ለመጠገን ከጥንት ጀምሮ የሚሠራባቸው ሦስት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው የተበላውን ክፍል ቈርጦ አውጥቶ አዲስ መተካት ነው። ይህ ፍጹም መድኃኒት ነው፤ ነገር ግን መስመሩ መዘጋት አለበት። ሁለተኛው ከላይ የብረት እጀታ አልብሶ በብየዳ መያዝ ነው። ይህም ጠንካራ ነው፤ ሆኖም ነዳጅ ወይም ጋዝ በሚሄድበት መስመር ላይ እሳት ማቅረብ አደጋ ነው፤ የሳሳውንም ግድግዳ ብየዳው ሊበሳው ይችላል። ሦስተኛው ላስቲክ ያለበት የብረት ማቀፊያ በብሎን ማሰር ነው። ይህ ፈጣንና ርካሽ ነው፤ ግን ለቀጥተኛና ለታወቀ ወርድ እንጂ ለክርንና ለመጋጠሚያ በቀላሉ አይሆንም።

ሠ፤ ጥምር ቁስ ምንድን ነው?

አራተኛው መንገድ ይህ ጽሑፍ የተጻፈበት ነው። በጭረት የተጠናከረ ሙጫ ቧንቧው ላይ ጠምጥሞ ማድረቅ ነው። የዚህን ዐይነቱን ቁስ «ውሕድ» እንዳንለው የኬሚስትሪ ተማሪዎች ይቆጡናል፤ በውሕድ ውስጥ ሁለቱ ነገሮች ማንነታቸውን ያጣሉና። እዚህ ግን ጭረቱም ጭረት፣ ሙጫውም ሙጫ ሆኖ ስለሚኖር «ጥምር ቁስ» ብለነዋል።

ነገሩ ለአገራችን ሰው አዲስ አይደለም። የጎጃም ገበሬ ቤቱን ሲመርግ ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር ያቦካዋል። ጭቃ ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ጭድ ብቻውን ቅርጽ አይይዝም፤ ሁለቱ ሲጣመሩ ግን ጭቃው ጭዱን ይይዘዋል፣ ጭዱም ስንጥቁ እንዳይሄድ ያግደዋል። ሞፈር ሲሰነጠቅም ገበሬው እርጥብ ጠፍር ይጠመጥምበታል፤ ጠፍሩ ሲደርቅ ተኰማትሮ ስንጥቁን ጨምቆ ይይዛል። የጠፍር አልጋ የሚወጠረውም በዚሁ ዘዴ ነው። የዛሬው መሐንዲስ ያደረገው በጠፍሩ ፋንታ የመስተዋት ጭረት፣ በጭቃው ፋንታ ኤፖክሲ መተካት ነው።

መስተዋት ሲወድቅ የሚሰበር ነገር ሆኖ ሳለ እንዴት ለብረት ረዳት ይሆናል? መስተዋትን ደካማ የሚያደርጉት በገጹ ላይ ያሉት ጥቃቅን ስንጥቆች ናቸው። ቀልጦ እንደ ፀጉር ሲሳብ ለትልቅ ስንጥቅ ቦታ አይኖረውም፤ ስለዚህ አንዲት ቀጭን የመስተዋት ጭረት በስፋቷ ልክ ሲሰላ ከተራ ብረት ብዙ እጥፍ ትጐትታለች፤ ክብደቷ ግን የብረት ሲሶ ያህል ነው። አንዷ ጭረት ብትበጠስ እንኳ ሙጫው ሸክሟን ለጎረቤቶቿ ያካፍላል። የሙጫው ሥራ ይኸው ነው፤ ማሰር፣ ማካፈልና ከውኃ መጋረድ።

የመስተዋት ጭረት በፋብሪካ መመረት የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ነው። ኬቭላር የተባለውን ጭረት እ.ኤ.አ. በ1965 ያገኘችው ስቴፋኒ ክዎሌክ የተባለች አሜሪካዊት ኬሚስት ናት፤ የካርቦን ጭረትም በዚያው ዘመን አደገ። እነዚህ ቁሶች ከአውሮፕላንና ከጀልባ ሥራ ወደ ቧንቧ የመጡት ዘግይተው ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ «ክሎክ ስፕሪንግ» የተባለው፣ እንደ ሰዓት ሞላ የተጠቀለለ የመስተዋት ጭረት ጥቅል በአሜሪካ የጋዝ መስመሮች ላይ ተፈትኖ ሥራ ላይ ዋለ። ከዚያም በኋላ በእርጥብ ጨርቅ የሚጠመጠሙ ዐይነቶች በዙ። እ.ኤ.አ. በ2006 አይ ኤስ ኦ 24817 የተባለው ዓለም አቀፍ ደንብ ወጣ፤ የአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበርም ፒ ሲ ሲ-2 በተባለው ደንቡ ይህን ሥራ አካተተ። በአይ ኤስ ኦው ደንብ መሠረት አንድ ጥገና የሚነደፍለት ዕድሜ ከ2 እስከ 20 ዓመት ነው።

ረ፤ ትክክለኛው አሠራር

አሁን አሠራሩን በቅደም ተከተል እናቅርብ፤ በየደረጃውም የእኛን ጥፋት አንደብቅም።

1ኛ፤ መመርመር። ቁስሉ ከውጭ ነው ወይስ ከውስጥ? ምን ያህል ግድግዳ ቀርቷል? ይህ ሳይታወቅ የፋሻው ውፍረት አይሰላም። እኛ የተመለከትነው ቀዳዳውን ብቻ ነበር።

2ኛ፤ ግፊትን መቀነስ። ብረት ግትር ነው፤ የመስተዋት ጥምር ቁስ ግን እስኪሳብ ድረስ ሸክም አይቀበልም። በአንድ ቀንበር እንደ ተጠመዱ ሁለት በሬዎች ናቸው፤ አንደኛው አስቀድሞ ከጎተተ ሌላው ምራኑ እስኪወጠር ድረስ እየተከተለ ይሄዳል። ግፊቱ ከፍ ብሎ ሳለ ፋሻው ቢጠመጠም ሸክሙን ብረቱ ብቻ ተሸክሞ ይቀራል። ግፊቱ ዝቅ ብሎ ቢጠመጠም ግን፣ በኋላ ግፊቱ ሲመለስ ሁለቱ አብረው ይጎትታሉ።

3ኛ፤ ገጹን ማዘጋጀት። «በጨርቅ ጥረጉ» ያልነው ይህንን ነው! ትርጉሙ ዝገቱ፣ ቀለሙና ቅባቱ ሁሉ በተወረወረ አሸዋ ወይም በመሣሪያ ተፍቆ ብረቱ ነጭ እስኪሆን፣ ገጹም ሙጫውን ቆንጥጦ እንዲይዝ ሻካራ እስኪሆን ድረስ መሥራት ማለት ነው። ገጹም ደረቅ መሆን አለበት። ቀዝቃዛ የምንጭ ውኃ የያዘ ቧንቧ በጠዋት እንደ ቀዝቃዛ ብርጭቆ ያልበዋል፤ በዚያ ላብ ላይ የሚቀባ ሙጫ አይጣበቅም። ስለዚህ የብረቱ ሙቀት ጤዛ ከሚፈጠርበት ሙቀት ቢያንስ 3 ዲግሪ ከፍ እንዲል ይታዘዛል። የሥራው ባለሙያዎች ከሌላው ደረጃ ሁሉ አብልጠው የሚጠነቀቁለት ይህ ነው።

4ኛ፤ ጉድጓዱን መሙላት። ዝገት የቆፈረው ጉድጓድ ጠንካራ በሆነ ማጣበቂያ ሊጥ ተሞልቶ ይስተካከላል። ባይሞላ ከፋሻው ሥር ባዶ ቦታ ይኖራል፤ የሳሳው ብረትም ሸክሙን ወደ ፋሻው ማስተላለፍ አይችልም።

5ኛ፤ ሙጫውን መቀላቀል። ኤፖክሲ ሁለት ክፍል ነው፤ ሙጫውና ማጠንከሪያው። የሁለቱ ሞለኪውሎች እጅ ለእጅ ተያይዘው መረብ ይሠራሉ። ማጠንከሪያው ቢያንስ የሙጫው እጆች ያለ ጓደኛ ይቀራሉ፤ ቢበዛም እንደዚሁ። «ብጨምርበት ቶሎ ይደርቃል» የሚለው ግምት ስሕተት ነው። ልኩ በክብደት ነው ወይስ በመስፈሪያ የሚለውም ልዩነት አለው። እኛ እኩል በእኩል ያልነው ሙጫ በማግስቱ ማር ሆኖ የተገኘው ስለዚህ ነው።

6ኛ፤ መጠምጠም። የነከረው ጨርቅ ከቁስሉ ግራና ቀኝ አልፎ ጤነኛውን ብረት በበቂ እስኪይዝ ድረስ፣ አየር ሳይታቀፍ፣ በንብርብር ይጠመጠማል። ከላይ ባሰላነው ምሳሌ የቧንቧው ግድግዳ ፈጽሞ ቢሳሳና 45.6 ኪሎውን ፋሻው ብቻውን ይሸከም ብንል፣ ጥምር ቁሱም በካሬ ሳንቲ ሜትር 300 ኪሎ ብቻ እንዲሸከም በጥንቃቄ ብንወስንለት፣ 1.5 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ይበቃዋል። ይህ ለማስረዳት ያህል ነው። ቧንቧው ከተበሳ ግን ስሌቱ ይለወጣል፤ ውኃው በቀዳዳው ገብቶ ፋሻውን ከሥር እንደ ፊኛ ሊያነሣው ስለሚታገል ወሳኙ የጭረቱ ጥንካሬ ሳይሆን የማጣበቂያው ይሆናል። የካርቦን ጭረት ሲሆን ደግሞ በቅድሚያ አንድ ንብርብር መስተዋት ይደረጋል። ካርቦን ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ብረቱን በቀጥታ ከነካው የጓዳላሃራውን ዐይነት መበላላት ያመጣልና።

7ኛ፤ እስኪጠና መጠበቅ። እነሆ «ኪዩር» ያልነው ነገር! የሚድነው ቧንቧው ሳይሆን ሙጫው ነው፤ መዳንም አይደለም፤ መጥናት ነው። ሙጫው ከፈሳሽነት ወደ ጠጣርነት ተለውጦ እስኪጠና ሰዓታት፣ በብርድ ጊዜም ከዚያ የበለጠ ይፈጃል። ከዚያ በኋላ ጥንካሬው በመለኪያ ተፈትኖ፣ ቀኑና የሠራተኛው ስም ተመዝግቦ ውኃው ይለቀቃል። እኛ አንዲት ቃል በመሳሳታችን ቧንቧ ሠራተኛው ውኃውን ወዲያው ለቀቀው።

ሰ፤ ፋሻው የማይችላቸው ነገሮች

አዲስ ነገር ሲያዩ ሁሉን ያድናል ማለት የወጣትነት ጠባይ ነው፤ ስለዚህ ወሰኑንም እንናገር። ቧንቧው ከውስጥ የሚበላ ከሆነ ፋሻው መበላቱን አያቆመውም፤ ጊዜ ይገዛል እንጂ። ብረቱ የተሰነጠቀ ከሆነ ስንጥቁ ከፋሻው ሥር ሊሄድ ስለሚችል የተለየ ጥናት ያስፈልገዋል። ሙጫው ከተወሰነለት ሙቀት በላይ ሲሆን ይለሰልሳል፤ ስለዚህ ለእንፋሎት ቧንቧ ሁሉም ዐይነት አይሆንም። የፀሐይ ብርሃን ገጹን ስለሚያበላሸው በቀለም መሸፈን አለበት። ሙጫው በመደርደሪያ ላይም ዕድሜ አለው፤ በሞቃት ዕቃ ቤት ከርሞ ጊዜው ያለፈበት ቆርቆሮ ርካሽ ቢሆንም ውድ ነው። ለመጠጥ ውኃ ሲሆንም ሙጫው ለጤና የተፈቀደ መሆኑ መረጋገጥ ይገባዋል።

ሸ፤ ለአገራችን ምን ይጠቅማል?

ወደ መንደራችን እንመለስ። ያ ቧንቧ በመጨረሻ የዳነው በፋሻ አልነበረም። ኮሚቴው እንደገና አዋጥቶ፣ የተበላው ቁራጭ ተቈርጦ በአዲስ ተተካ፤ ጅረቱን የሚሻገርበትም ቦታ ቀለም ተቀባ። ከዚያም ቦኖው እንደ ቀድሞው ወረደ። ጥናታችንን ከጨረስን በኋላ ስናስበው ይህ ትክክለኛ ፍርድ ነበር። ወርዱ ጠባብ፣ ቦታው ቅርብ፣ መስመሩን ለግማሽ ቀን መዝጋት የሚቻል ሲሆን፣ ቁራጭ መለወጥ ወይም ማቀፊያ ማሰር ከውጭ አገር ከሚመጣ ሙጫ ይረክሳል፤ በመንደሩ ልጅ እጅም ይሠራል።

ፋሻው ቦታው ሌላ ነው። ከጅጋ ብዙ ሳንርቅ በቡሬ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፤ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካም እዚያው ነው። ዘይት በሚጨመቅበት ቤት የብየዳ እሳት እንደ ልብ አይቀርብም። በዓባይ ላይ እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ የጀመረውን ጢስ ዓባይን፣ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀውንም 460 ሜጋ ዋት የጣና በለስን የኀይል ማመንጫ ብናስብ፣ ውኃ ወደ ተርባይን የሚወርድባቸው ታላላቅ ቱቦዎች ተቈርጠው የሚተኩ ነገሮች አይደሉም። ወርዱ ሰፊ፣ መዝጋቱ ውድ፣ እሳቱ አደገኛ፣ ቅርጹ ጠማማ በሆነበት ሁሉ ይህ ጥበብ ሊታሰብ ይገባዋል።

«ጭረቱን ከአገራችን ቃጫና እንሰት ብንሠራውስ?» የሚል ጥያቄ በመካከላችን ተነሥቶ ብዙ አከራክሮናል። ቃጫ በእርግጥ ጠንካራ ነው፤ ገመዳችን ምስክር ነው። ነገር ግን የዕፅዋት ጭረት ውኃ ይጠጣል፤ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኰማተራል፤ ከሙጫው ይላቀቃል፤ በመጨረሻም ይበሰብሳል። ስለዚህ ለጣሪያ፣ ለበርና ለመኪና የውስጥ ሰሌዳ ተስፋ ቢኖረውም፣ ግፊት ላለበት እርጥብ ቧንቧ ዛሬ አንመክረውም። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌሎቹ የቴክኖሎጂና የጨርቃ ጨርቅ ትምህርት የሚከታተሉ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን የዚህን ጭረት ውኃ መጠጣት የሚያስቆም መላ ቢያገኙ፣ ክርክራችን በእነርሱ ሥራ ይዘጋል።

በመጨረሻ የእኛን ድርሻ እንናገር። በዚያች መንደር የጠፋው ገንዘብ የጠፋው ሙጫ በመጥፎነቱ አልነበረም፤ ሠራተኛው በመስነፉም አልነበረም። በቆርቆሮው ላይ ያለው ዕውቀት ወደ እጁ የሚደርስበት ድልድይ እኛ ነበርን፤ ድልድዩም ተሰበረ። በየዓመቱ ወደ አገራችን የሚገባው መድኃኒት፣ ማዳበሪያ፣ ፀረ ተባይ፣ ሞተርና ሙጫ መመሪያው ብዙውን ጊዜ በባዕድ ቋንቋ ነው። እርሱን የሚያነበው ሰው ነገሩን አያውቀውም፤ ነገሩን የሚያውቀው ሰው አያነበውም። የቴክኖሎጂ ተማሪ ብቻውን ቢተረጉመው ገበሬው የማይገባው አማርኛ ይሆናል፤ የቋንቋ ተማሪ ብቻውን ቢተረጉመው እንደ እኛ «ቧንቧውን ይፈውሰዋል» ይላል።

ስለዚህ አሳባችን ይህ ነው። ከአርትና ከቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ሁለት ሁለት ሆነን፣ ዕረፍት ከመውጣታችን በፊት፣ በየአገራችን ገበያ የሚሸጡትን የእነዚህን ዕቃዎች መመሪያ እያንዳንዳችን አንዳንድ ገጽ በግልጽ አማርኛ እንጻፍ። የተጻፈውንም በማኅበራችን ማባዣ አባዝተን ይዘን እንውረድ። እኛ ሦስታችን የሙጫውን ገጽ ጀምረናል፤ ሰባቱንም ደረጃዎች አስገብተናል። «ኪዩር» ለሚለው «መጥናት» ብለናል፤ የተሻለ ቃል ያለው ይንገረን። ገጹ ከመባዛቱ በፊት አንድ የቴክኖሎጂ ተማሪ እንዲያርመው እንለምናለን። ከታረመ በኋላ የመጀመሪያው ቅጂ የሚሰጠው ለዚያ ቧንቧ ሠራተኛ ነው።